ለየዕለቱ ልምምድ የትኛው ጫማ?

ሩጫን የሚያዘወትር ወጣት ጫማ ለመግዛት በተነሣ ቁጥር ልቡ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ጫማ ሶሉ ቀጠን ያለ፣ ክብደቱ ቀላል፣ መሬት በነካ ቁጥር እግርን ወደ ፊት የሚያስፈነጥር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሶሉ ወፍራም፣ ስፖንጁ ለስላሳ፣ እግር ሲያርፍበት እንደ ፍራሽ ሰመጥ የሚል ነው። ሁለቱንም ገዝቶ እያፈራረቀ መሮጥ የሚችል ሰው ችግሩ ቀላል ነው። አብዛኛው ተማሪ ግን ገንዘቡ የሚበቃው ለአንድ ጥንድ ብቻ በመሆኑ፣ በምርጫው የተሳሳተ እንደሆነ ወራቱን የቅልጥም ሕመም ሲያስታምም ያሳልፋል።

ለዚህ ጥያቄ በየትም አገር የሚያገለግል አንድ መልስ አለ ብሎ መነሣት ስሕተት ነው። መልሱ ከሁሉ በፊት የሚገኘው ከመሬቱ ነው። በጅቡቲ ከተማ ሰሜናዊ ክፍል የሚገኘውን ፕላቶ ዱ ሰርፓንን ለአብነት መውሰድ ይቻላል። ስሙ በፈረንሳይኛ «የእባብ አምባ» ማለት ነው፤ አምባ ይባል እንጂ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ከተማይቱ በ1880 ዓ.ም. ገደማ ስትቆረቆር ቤቶቿ የተሠሩት ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ላይ ሲሆን፣ ይህም ሰፈር ከነዚያ የድንጋይ አምባዎች አንዱ ነው። በዚያ የሚሮጥ ሰው እግሩን የሚያሳርፈው በአስፋልት፣ በሲሚንቶ ወይም በድንጋይ ላይ ነው። የበጋው ሙቀት በሰኔና በሐምሌ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ ልምምድ ማድረግ የሚመቸው ጎሕ ሳይቀድ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው።

በእንጦጦ ጫካ የሚሮጠው የአዲስ አበባ ወጣት ሁኔታ ከዚህ በእጅጉ የተለየ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል የተነጠፈበት ለስላሳ አፈር ራሱ ትራስ ነው። እዚያ ወፍራም ሶል ማድረግ በፍራሽ ላይ ፍራሽ እንደ መደረብ ይቈጠራል። እንዲያውም ሥርና ጠጠር በበዛበት ዳገት ላይ ከፍ ያለ ሶል ቁርጭምጭሚትን ሊያጥፍ ስለሚችል፣ ቀጠን ያለው ጫማ ይሻላል። ኢትዮጵያውያን ሯጮች በሳምንት ውስጥ ጫካውን፣ ኮረኮንቹንና አስፋልቱን የሚያፈራርቁት ያለ ምክንያት አይደለም። የፕላቶ ዱ ሰርፓን ሯጭ ግን የሚያፈራርቀው መሬት የለውም። መሬቱ የነፈገውን ልስላሴ ከጫማው መፈለግ አለበት።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። አንድ ሯጭ በደቂቃ ወደ 170 ጊዜ ያህል እግሩን ያሳርፋል። 10 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት የሚሮጥ ከሆነ ከ10,000 ጊዜ በላይ መሬትን ይመታል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ምት እግሩ የሚሸከመው ኃይል ከሰውነቱ ክብደት ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ይህ በየዕለቱ፣ ያውም በማይለዋወጥ ደረቅ መሬት ላይ ሲደጋገም፣ አጥንትና ጅማት ለማገገም ጊዜ ያጣሉ።

በዚህ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። የጅቡቲው አሕመድ ሳላህ የባቡር ሐዲድ ከሚያልፍባት ከአሊ ሳቢህ ተነሥቶ፣ በ1977 ዓ.ም. በሂሮሺማ የዓለም ዋንጫ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ አሸነፈ። በ1980 ዓ.ም. በሮተርዳም ኢትዮጵያዊው በላይነህ ዴንሳሞ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ ሁለተኛ ሆኖ የገባው ይኸው ሳላህ ነበር። በ1981 ዓ.ም. መባቻም በሴኡል ኦሎምፒክ የነሐስ ሜዳልያ አገኘ። ያ ትውልድ የሮጠው ዛሬ በገበያ ከሚታየው ወፍራም ሶል ጋር ሊወዳደር በማይችል ቀጭን ጫማ ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላማ በ1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ ባዶ እግሩን ነው ያሸነፈው። እንግዲህ ልስላሴ ለምን አስፈለገ? ይላሉ ተቃዋሚዎቹ።

ክርክሩ ያማረ ነው፤ ነገር ግን የሚያየው ግባቸውን የደረሱትን ብቻ ነው። በቀጭን ሶል ሲሮጡ ቅልጥማቸው ተሰንጥቆ ከመንገድ የቀሩትን ማንም አልቈጠራቸውም። አበበም ቢሆን ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ የሮጠው ጫማ ተጫምቶ ሲሆን፣ ሰዓቱን ከሦስት ደቂቃ በላይ አሻሽሏል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የውድድር ቀንና የልምምድ ቀን የተለያዩ ናቸው። ትዕግስት አሰፋ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው ጫማ 138 ግራም ብቻ ይመዝን ነበር። ዋጋው 500 ዶላር የነበረው ይህ ጫማ የተሠራው ለውድድር እንጂ ለየዕለቱ ልምምድ አልነበረም።

ቀላሉ ጫማ ጥቅም የለውም ማለት ግን አይደለም። በጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር ሯጩ የሚያወጣው ጉልበት በመቶ አንድ ያህል እንደሚጨምር በጥናት ተረጋግጧል። ይህ ለሚወዳደር ሰው ብዙ ነው። በዝግታ 10 ኪሎ ሜትር ለሚያሟሙቅ ተማሪ ግን ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። በአንጻሩ በ2012 ዓ.ም. የታተመ አንድ የሉክሰምበርግ ጥናት 848 ሯጮችን ለስድስት ወራት ተከታትሎ፣ ጠንካራ ሶል የተሰጣቸው ለስላሳ ከተሰጣቸው ይልቅ በአንድ ተኩል እጥፍ ለጉዳት እንደሚጋለጡ አሳይቷል። የሚያስገርመው ከልስላሴው የበለጠ የተጠቀሙት ከባዶቹ ሳይሆኑ ቀላል ክብደት ያላቸው ሯጮች መሆናቸው ነው። ስለዚህ «እኔ ቀጭን ስለሆንሁ ስፖንጅ አያስፈልገኝም» የሚለው የብዙ ወጣቶች አነጋገር መሠረት የለውም።

ስለሆነም በፕላቶ ዱ ሰርፓንና በመሰል ሥፍራዎች አንድ ጥንድ ብቻ መግዛት የሚችል ተማሪ ለስላሳውን መምረጥ ይገባዋል። ሆኖም ከለስላሳዎቹ ሁሉ እጅግ ለስላሳውን አይደለም። ስፖንጅ በሙቀት ይበልጥ የሚለሰልስ ነገር ነው። በቀዘቀዘ ሱቅ ውስጥ ሲጫኑት የተመቸ ሶል፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በጋለችበት አስፋልት ላይ እንደ ሊጥ ይሆንና እግርን ወደ ጎን ያዘነብላል። ሲገዛ በአውራ ጣት ሲጫኑት ገባ ብሎ ወዲያው የሚመለሰውን መፈለግ፣ ተረከዙም ሰፋ ያለ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ፍጥነት የሚለማመድበት ቀን በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው፤ በዚያች ቀን ጫማው ጥቂት ቢከብደው ብዙ አይጎዳም።

አንድ ጫማ ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል። በሳምንት 50 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ሰው ይህ ከሁለት ወር ተኩል እስከ አራት ወር ገደማ ነው። የላይኛው ጨርቅ ሳይቀደድ ስፖንጁ ሊሞት ስለሚችል፣ በሶሉ ጎን ላይ የሚታዩት ሽብሽቦች እየጠለቁ መሄዳቸውን መከታተል ይበጃል። ጫማው ሲታጠብም መሰጣት ያለበት ከጥላ ሥር ነው፤ በጅቡቲ የቀትር ፀሐይ ሶሉን የያዘው ማስቲሽ ይለቃል።