«ደም ያረጋል» እያላችሁ ስታስፈራሩን ግማሹን እውነት የት ደበቃችሁት?

የኮሮና ክትባት ወሬ በተነሳ ቁጥር የማይቀር አንድ አስተያየት አለ። «ክትባቱ ጭንቅላት ውስጥ ደም ያረጋል፤ ኩባንያው ራሱ ፍርድ ቤት አምኗል፤ በሽታው ግን ተራ ጉንፋን ነበር» የሚል። ይህን የሚጽፈው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለወገኑ ተቆርቋሪ ነው። ኒያው ላይ ክርክር የለንም። ክርክራችን ንግግሩ ላይ ነው። ንግግሩ ሙሉ ውሸት አይደለም፤ ግማሽ እውነት ነው። ሙሉ ውሸት ቶሎ ይጋለጣል፤ ግማሽ እውነት ግን ከሰው ቤት ገብቶ ለዓመታት ይቀመጣል።

በቅድሚያ እውነት የሆነውን ክፍል እንቀበል። የአስትራዜኒካ ክትባት በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ ከባድ የደም መርጋት አስከትሏል። ሰውነት የራሱን ፕላትሌት፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ህዋሳት፣ የሚቀሰቅስ አንቲቦዲ ያመርታል፤ ፕላትሌቶቹ ተጣብቀው በአንጎል የደም መልስ ሥሮች ውስጥ ሳይቀር ደም ይረጋል። በዚህ የሞቱ ሰዎች አሉ። «ክትባቱ ምንም ጉዳት የለውም» ብለው በደፈናው የተናገሩ ሰዎችም ለህዝቡ ውለታ አልዋሉም። ህዝብ እንደ ሕፃን ሲታይ ይጠራጠራል፤ መጠራጠሩም አይፈረድበትም።

ነገር ግን «ተደብቆ ኖሮ በፍርድ ቤት ተጋለጠ» የሚለው ከየት መጣ? ዴንማርክ ክትባቱን ያቆመችው መጋቢት 2 ቀን 2013 ነው፤ በአደባባይ። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህ የደም መርጋት «በጣም አልፎ አልፎ የሚከሰት የጎንዮሽ ጉዳት» ተብሎ በመድኃኒቱ መረጃ ላይ እንዲጻፍ ያሳወቀው መጋቢት 29 ቀን 2013 ነው። የፍርድ ቤቱ ወሬ የተናፈሰው በ2016 ሚያዝያ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ለዓለም ተነግሮ የነበረን ነገር «ዛሬ ተጋለጠ» ማለት ምን የሚሉት ታማኝነት ነው?

ለአገራችን ደግሞ ጊዜው ክፉ ሆነ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ዶዝ የያዘው የመጀመሪያው የኮቫክስ ጭነት አዲስ አበባ የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ነው። ዴንማርክ ያቆመችው ከአራት ቀን በኋላ ነው። ክትባቱና ፍርሃቱ ተከታትለው ገቡ፤ ፍርሃቱ ግን በየስልካችን ስለገባ ቀደመ።

አሁን ወደ ተደበቀው ግማሽ እንምጣ። ደም የሚያረጋው ቫይረሱ ራሱ ነው!

ገና ምንም ክትባት ባልነበረበት በ2012 መጋቢት፣ ኒውዮርክ የሚገኘው የማውንት ሲናይ ሆስፒታሎች ሐኪሞች በሁለት ሳምንት ውስጥ ብቻ ዕድሜያቸው ከ50 በታች የሆኑ አምስት የኮሮና ታማሚዎች ትልቅ የአንጎል የደም ሥራቸው በረጋ ደም ተዘግቶ አገኙ። ከመካከላቸው የ33 ዓመት ሰው አለ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በዚህ የዕድሜ ክልል በሁለት ሳምንት አንድ ሰው እንኳ በአማካይ አይሞላም ነበር። እነዚህን ሰዎች የትኛው መርፌ ነው የነካቸው?

አሠራሩም ግልጽ ነው። ቫይረሱ የደም ሥሩን የውስጥ ሽፋን ያቆስላል፤ ፕላትሌቶች ይቀሰቀሳሉ፤ ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች ይጨምራሉ። ትኩሳቱና የውሃ ጥማቱ ሲታከልበት ደሙ ይወፍራል፤ መተኛቱ ደግሞ ዝውውሩን ያዘገየዋል።

ቁጥር ለሚፈልግ ቁጥር አለ። በእንግሊዝ ከ29 ሚሊዮን በላይ የተከተቡ ሰዎችን መረጃ የመረመረ ጥናት በ2013 ነሐሴ ወጥቷል። በአስትራዜኒካ ምክንያት የተጨመረው የአንጎል የደም መልስ ሥር መርጋት ከ10 ሚሊዮን ተከታቢ 7 ሰው ላይ ነው። በቫይረሱ ከተያዙ 10 ሚሊዮን ሰዎች ግን 20 ላይ። በአጠቃላይ በደም መልስ ሥሮች፣ እግርና ሳንባን ጨምሮ፣ የሚከሰተው መርጋት ደግሞ በክትባቱ 66፣ በበሽታው 12,614 ነው። ይህ ሁሉ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ሰባቱን እየቆጠርክ አሥራ ሁለት ሺውን የምትዘልል ወንድሜ፣ ሒሳቡን ማን አስተማረህ?

«ለወጣቱስ?» የሚል ተገቢ ጥያቄ አለ። ትክክል ነው። ለወጣት የክትባቱና የበሽታው ሚዛን ይቀራረባል። ብሪታንያም ለዚህ ነው ከ30 ዓመት በታች ላሉት ሌላ ክትባት እንዲመረጥ የመከረችው። ማመዛዘን ማለት ይህ ነው፤ ሁለቱንም የሚዛኑን ሳህን አይቶ መወሰን። አንዱን ሳህን በእጅ ሸፍኖ «ተመልከቱ፣ ከበደ!» ማለት ግን ማመዛዘን አይደለም።

ነገሩ በኮሮና ብቻም አያበቃም። አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው ቫይረስ ወደ አንጎል የደም ሥሮች ዘልቆ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ኤችአይቪም የስትሮክን አደጋ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ አሜሪካውያንና ካናዳውያን ሐኪሞች አዴኖቫይረስ፣ ማለትም እንደ ጉንፋን ያለ ተራ ቫይረስ፣ የያዘው የ5 ዓመት ልጅ አንጎሉ ውስጥ ደም ረግቶ ማግኘታቸውን አሳወቁ። ደሙ ሲመረመር የተገኘው አንቲቦዲ በአስትራዜኒካ ከተጎዱት ሰዎች ጋር አንድ ዓይነት ነው። ልጁን ያሳመመው ተፈጥሯዊ ቫይረስ ነው።

የዚህ ግማሽ እውነት ትልቁ ጥፋት ታዲያ ምንድን ነው? «ደም የሚያረጋው መርፌው ነው» ብሎ ያመነ ሰው፣ እኔ ስላልተከተብኩ አይመለከተኝም ይላል። ትኩሳት ይዞት ከርሞ የማይለቅ ራስ ምታት ሲመጣ «ይለፋል» ብሎ ይተኛል። ተኝቶ ወይም ሲያስል የሚብስ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ የዓይን ብዥታ፣ ድንገተኛ መንቀጥቀጥ፣ የአንድ ጎን መዛል የዚህ በሽታ ምልክቶች ናቸው። ከወንድ ይልቅ ሴትን ያጠቃል፤ በተለይ አራሶችንና የእርግዝና መከላከያ እንክብል የሚወስዱትን።

እኛ ጋ አራስ ራሷን ይዛ ስትጮህ፣ ቀጥሎም ስትንቀጠቀጥ ምን ይባላል? «ጅን ነው።» ቀናት በቤት ውስጥ ያልፋሉ። ሩቅያ ይቅር ያለ የለም፤ በአምቡላንስ ውስጥም፣ በሐኪም ቤት አልጋ ላይም ይቀራል። ሐኪም ቤት መሄድ ግን ለነገ አይባልም። በስትሮክ ጊዜ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። የደም መልስ ሥሩ ሲዘጋ ደግሞ እንደ ሄፓሪን ያለ ደም አቅጣኝ ይሰጣል፤ በጊዜ ከታከሙት አብዛኞቹ ይድናሉ። ተራ ሲቲ ስካን ሊያመልጠው ስለሚችልም ምልክቱ ካልተወ «ስካኑ ደህና ነው» ተብሎ ዝም አይባልም፤ የደም መልስ ሥሮቹን የሚያሳይ ምርመራ ይጠየቃል።

ስለዚህ «ደም ያረጋል» የሚለውን ጽሑፍ የምታጋሩ ወንድሞችና እህቶች፣ አትጻፉ አላልንም። ሙሉውን ጻፉ። ሰባቱን ስትጽፉ ሃያውንም ጻፉ። ከሥሩም እነዚያን ምልክቶች ጨምሩ፤ አንዲት አራስ ቤተሰብ አንብቦት በሰዓቱ ሐኪም ቤት ካደረሳት፣ ጽሑፋችሁ ያኔ ሰው ጠቀመ ይባላል።