በሕግ አምላክ፣ ቅርጫቱ የት አለ?

በአገራችን ተበዳይ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮህ ጉልበተኛው እንኳ ያነሳውን ዱላ ይመልስ ነበር ይባላል። ቃሉ ኃይል የነበረው ሕጉ ከሳሽንም ተከሳሽንም፣ ሹምንም ተራውንም ያስራል ተብሎ ስለሚታመን ነው። ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ከዚህ ትልቅ ቃል ጋር ሲተያይ ትንሽ ይመስላል፤ የሙዝ ልጣጭ፣ የጫት ገረባ፣ ፌስታል፣ ባዶ ሃይላንድ። ግን አንባቢ ሆይ፣ ስንቱ ሰው ነው በዕድሜው ፍርድ ቤት የሚቆመው? ብዙው ሕዝብ ከሕግ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው በመንገድ ዳር፣ በገበያ መሃል፣ ከደንብ አስከባሪ ጋር ሲተያይ ነው። ስለዚህ የቆሻሻ ሕግ ፍትሐዊ መሆን አለመሆኑ የቀልድ ነገር አይደለም።

ከተማ በቆሸሸ ቁጥር አንድ የታወቀ ዜማ ይሰማል፤ «ሕዝቡ አልሠለጠነም፣ ቅጣቱ ይጥበቅ!» ይህን የሚያዜመው ሹሙ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የሚያሳዝነው በየካፌው ሻይ ይዞ የሚከራከረው ተማሪ ዜማውን ተቀብሎ ማድመቁ ነው። የእኛ አቋም ግልጽ ነው፤ ቅጣት ይኑር። ነገር ግን ቅርጫት ሳይቆምለት፣ ጋሪ ሳይመጣለት፣ የሚደፋበት ሳይነገረው ሰውን መቅጣት ሕግ ማስከበር ሳይሆን ቀረጥ መሰብሰብ ነው።

በመጀመሪያ «አልሠለጠነም» የሚለውን ስድብ እንመርምር። እስቲ ከሆሳዕና ወጣ ብለን ወደ ሐዲያው ገበሬ ጓሮ እንዝለቅ፤ ወደ ከምባታም እንሻገር። እንሰት ፍግ ይወዳል። የበረቱ እበት፣ የምድጃው አመድ፣ የድንቹ ልጣጭ፣ የቤቱ ጥራጊ ሁሉ እንሰቱ ሥር ይደፋል። ኮባው ደግሞ ዳቦ ይጋገርበታል፣ ቆጮ ይጠቀለልበታል፣ ቅቤ ተቋጥሮበት ገበያ ይወጣል። ሥራውን ሲጨርስ ወይ ላም ትበላዋለች ወይ መሬት ይበላዋል። በዚህ ጓሮ ውስጥ ቆሻሻ የሚባል ነገር ከየት ይመጣል? ዛሬ በየሴሚናሩ «መልሶ መጠቀም» እየተባለ የሚሰበከውን እነዚህ እናቶች ያለ ሰባኪ ኖረውበታል።

ታዲያ ምን ተለወጠ? ዕቃው ተለወጠ። ኮባው ተነሳና ፌስታል ተተካ። ፌስታሉን ቅቤ ሻጯ አልፈለሰፈችውም፤ ፋብሪካ የላትም፤ ከውጭ የምታስመጣበት ዶላርም የላትም። የእጇ ልማድ ግን የጥንቱ ነው፤ ያበቃለትን ነገር ለመሬት መመለስ። ኮባ ለመሬት ሲመለስ አፈር ይሆናል። ፌስታል ሲመለስ ፌስታል ሆኖ ይቀራል፤ ከብት ይውጠዋል፣ ቦይ ይዘጋል፣ ክረምት ሲገባ ጎርፍ ይጠራል። እንግዲህ ወንጀለኛው የሴትዮዋ ልማድ ነው ወይስ ልማዷን ሳያማክር ከገበያዋ የገባው ዕቃ?

ወደ ሕጉ እንምጣ። ለማዘጋጃ ቤቶች በ1937 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 74 ከወጣ 80 ዓመት አልፏል። ስለዚህ የከተማ ጽዳት ባለቤት የለውም ሊባል አይችልም። በ1999 ዓ.ም. የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ወጣ። ይህ አዋጅ በመንገድ፣ በአውቶቡስ ፌርማታ፣ በስፖርት ሜዳና በውኃ መውረጃ ላይ ቆሻሻ መጣልን ሲከለክል አንድ ሐረግ ጨምሮ ነበር፤ ማጠራቀሚያ ባለበት። በሌላ በኩል የከተማ አስተዳደሮች በየመንገዱ ማጠራቀሚያ እንዲያቆሙና ሞልቶ ሳይፈስ እንዲያነሱ ግዴታ ጣለባቸው። ልብ በሉ! ሕግ አውጪው ሁለት ወገን አስሯል። በየከተማው የሚጠቀሰው ግን ዜጋውን የሚያስረው ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ የት ተቀበረ?

ያው አዋጅ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የቀጠነ፣ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ አግዶ ነበር። ይህ እገዳ በወረቀት ላይ ለ18 ዓመት ኖረ። ስሱ ፌስታል ግን ከገበያ አንድ ቀን እንኳ ጠፍቶ ያውቃል? በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን ከነጭራሹ የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጸደቀ። መከልከሉን እንደግፋለን። ነገር ግን የአዲሱ አዋጅ ክንድ መጀመሪያ ማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ነቅተን መጠበቅ አለብን፤ በአስመጪው ላይ ወይስ መሬት ላይ ቲማቲም ደርድራ በምትቸረችረው ላይ?

ጥያቄያችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሊስትሮውና ቆሎ ሻጯ በቀን፣ በሕዝብ ፊት፣ በአንድ ቦታ ይገኛሉ፤ ለመቅጣት ይመቻሉ። ሲኖትራኩ ግን ፍርስራሽ ጭኖ የሚመጣው በሌሊት ነው፤ ወንዝ ዳር ገልብጦ ይሄዳል። አንድ ጭነት ፍርስራሽ ስንት ሺህ የሙዝ ልጣጭ ይሆናል? ሸረሪት ድሯን ስታደራ ዝንብ ይያዝባታል፤ ጥንብ አንሳ ግን በጥሶት ያልፋል። እንዲህ ያለ ሕግ ሰው ይፈራው እንደሆነ እንጂ አያከብረውም።

«ይነሳና የትም ይጣል» የሚሉም አሉ። «የትም» የሚባል ቦታ ግን የለም። ቆሼን ሥራ ሲጀምር የአዲስ አበባ ዳር ነበር፤ ከተማዋ ሰፋችና ዳሩ መሃል ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ ተዛወረ። የአካባቢው ገበሬዎች «ከብታችንን ገደለ፣ ውኃችንን በከለ» ብለው ተነሱና ከወራት በኋላ ተመልሶ ቆሼ መጣ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ሥሩ ይኖሩ የነበሩ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። እነዚያ ሰዎች ክምሩን አልከመሩትም፤ ከመካከላቸው ሌላው የጣለውን ለቅመው የሚያድሩ ነበሩ። ሆሳዕና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ እየሰፋች ነው። ዱራሜም፣ ሾኔም፣ ሺንሺቾም ነገ ይሰፋሉ። የዛሬው ዳር የማን ጓሮ፣ የማን ምንጭ እንደሆነ አሁን ካልተጠየቀ መቼ ሊጠየቅ ነው?

ሌሎች ደግሞ «ሩዋንዳን አታዩም?» ይሉናል። እናያለን እንጂ! ኪጋሊ ስትመሰገን የሚነገረው በወር አንድ ቅዳሜ ሕዝቡ ወጥቶ ስለ ማጽዳቱ ነው። ሩዋንዳ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ፌስታልን ስትከለክል ግን ከምርቱና ከድንበሩ መጀመሯ ይዘነጋል። መንግሥት የራሱን በር ዘግቶ ሕዝቡን ሲጠራ ሕዝቡ ይወጣል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት አለው ይላል። በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ ነው ብሏል። የሁለቱም! ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው፤

አንደኛ፣ ማጠራቀሚያ ባልቆመበትና በወቅቱ በማይነሳበት መንገድ ላይ እግረኛ አይቀጣ።

ሁለተኛ፣ ቅጣት ከትልቁ ይጀምር፤ ከአስመጪው፣ ከፋብሪካው፣ በሌሊት ከሚገለብጠው መኪና።

ሦስተኛ፣ የቅጣቱ ገንዘብ ስንት እንደሆነና ምን እንደተገዛበት በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

አራተኛ፣ አዋጅ ሳይጠራቸው ብረቱን ከላስቲኩ ሲለዩ የኖሩት ቆራሌውና ልዋጩ፣ ጋሪ የሚገፉት የጽዳት ማኅበራትም፣ ጓንትና ተገቢ ዋጋ ያግኙ።

አምስተኛ፣ ፌስታል ሲነሳ ምትክ ይታሰብ። ኮባው ከጓሮ አልጠፋም፤ ዘንቢሉም አለ።

እናንተስ ጓዶች? «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እንዳይሆንብን። ቅርጫት በቆመበት፣ ግቢው በየቀኑ በሚጠረግበት ቦታ ሃይላንድ በመስኮት የሚወረውር ተማሪ ምን ያመካኛል? ለእሱ ሕጉ ሙሉ ነው፤ ቅርጫቱም አለ፣ ጠራጊዋም አለች፣ ፊደልም ቆጥሯል። እሱ ይቀጣ፤ ጠበቃ አንቆምለትም። ቅርጫት ላላየችው ቅቤ ሻጭ ግን እንቆማለን። ደንብ አስከባሪው ደረሰኙን ሲያወጣ ከጎኗ ሆነን በትሕትና፣ ግን ጮክ ብለን እንጠይቅ፤ በሕግ አምላክ፣ ቅርጫቱ የት አለ?