ስለ ምስጥና ስለ ገጠር ቤት ጥበቃ

ጠቢቡ ሰሎሞን ሰነፉን ሰው ወደ ጉንዳን ሄዶ ትጋትን እንዲማር መክሮታል። በአርሲ ቆላ እርሻ ያለው ሰው ግን ወደ ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ ከገዛ ቤቱ ምሰሶ ውስጥ ሌሊትና ቀን ሳይል፣ ብርሃን ሳይሻ፣ ድምፅ ሳያሰማ የሚሠራ አንድ ትንሽ ፍጥረት አለና። ይኸውም ኦሮሞው ርርማ፣ አማራው ምስጥ የሚለው ነው። ሌባ በር ሲሰብር ውሻ ይጮኻል፤ እሳትም ሲነሣ ጢሱ ይታያል። ምስጥ ግን የምሰሶውን ልብ በልቶ ላዩን እንዳለ ስለሚተወው፣ ባለቤቱ ጉዳቱን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ቤቱ ሊወድቅ ሲያዘነብል ነው።

የአሰላ ከተማ በጭላሎ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,430 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ ብዙ ሰው ምስጥን የቆላ ችግር አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገሩ በከፊል እውነት ነው፤ ትልቁን ኩይሳ የሚሠራው ምስጥ ብርድን አይወድምና ወደ ደጋው በወጡ ቍጥር ኩይሳው እየሳሳ ይሄዳል። ነገር ግን ከአሰላ ወደ ምዕራብ፣ ደምበል ተብሎ ወደሚጠራው ወደ ዝዋይ ሐይቅ ሜዳ የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ 800 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ጥዱና ዝግባው ቀርቶ ግራሩና ኩይሳው ይቀበሉታል። ወደ ዶዶታ፣ ወደ መርቲና ወደ ጀጁ ቢወርዱም እንዲሁ ነው። የአሰላ ሹም፣ የአሰላ ነጋዴ፣ የደብር አለቃም ቢሆን በዚያ ቆላ ዘመድ ወይም እርሻ ያለው ብዙ ነው። ስለዚህ ደጋ ላይ ተቀምጦ ምስጥን የሌላ ሰው ዕዳ ማድረግ አይገባም።

ነገሩ ከሚታሰበው ይልቅ ከባድ የሚሆንበት ሌላ ምክንያት ደግሞ አለ። በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ሊሸጠው ወይም ሊለውጠው አይችልም። በመሬቱ ላይ በጉልበቱና በገንዘቡ የሠራው ቤት፣ ያጠረው አጥር፣ የተከለው ዛፍ፣ ያቆመው ጎተራ ግን የግል ሀብቱ እንደ ሆነ ያው ሕግ አረጋግጦለታል። እንግዲህ ምስጥ የሚበላው መሬቱን ሳይሆን እነዚህን ነው። ገበሬው በእውነት የእኔ ነው ለማለት የሚችለውን፣ ለልጁ የሚያወርሰውን፣ መሬቱ ለሌላ ሥራ ሲፈለግ ካሣ የሚቀበልበትን ንብረት ለይቶ የሚያጠፋ ጠላት ነው። ሹማምንት ድንበርና ግብርን ለመመርመር ከሚያወጡት ጊዜ ጥቂቱን ለዚህ ቢሰጡት ለሕዝቡ የሚሰጡት አገልግሎት አያንስም።

በኢትዮጵያ ስድሳ ያህል የምስጥ ዓይነት እንዳለ ሊቃውንት ቈጥረዋል። ከነዚህ አብዛኞቹ ጉዳት የላቸውም፤ እንዲያውም የወደቀ እንጨትና የረገፈ ቅጠል ወደ አፈር የሚመልሱ፣ መሬቱን እየበሱ ዝናብ እንዲሰርግ የሚያደርጉ የምድር ሠራተኞች ናቸው። ጎጂዎቹ ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ሥራቸው ከሁሉ ይልቅ የታወቀው በምዕራብ ወለጋ፣ በመንዲና በነጆ አካባቢ ነው። በዚያ አገር ምስጥ ቡቃያውን ከሥሩ ይቈርጣል፤ የግጦሹን ሣር ያጭዳል፤ የሣር ክዳን ያለው ቤት አምስት ዓመት ሳይሞላው፣ ቆርቆሮ የለበሰውም ስምንት ዓመት ሳይሞላው እንደሚፈርስ ተጽፎ ይገኛል። ቤቱ በፈረሰ ቍጥር ገበሬው አዲስ ለመሥራት ዛፍ ይቈርጣል። ዛፉ ባለቀ ቍጥር ደግሞ ምስጡ ከዱር የሚያገኘው ደረቅ እንጨትና ቅጠል ይጠፋበትና ወደ ሰብሉና ወደ ቤቱ ይዞራል። የከብቱም መብዛት ሣሩን ከምድር ሲያስልጠው መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። ምስጡ ሰውን ለመክሰስ አፍ ቢኖረው ኖሮ፣ ሲሳዬን አስቀድሞ የወሰደብኝ እርሱ ነው ባለ ነበር።

የመንግሥት መሥሪያ ቤትም በዚያ ዝም ብሎ አልተመለከተም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት አልድሪን የተባለውን መርዝ ወደ ኩይሳው በማፍሰስ ምስጥን ለማጥፋት ዘመቻ ተደርጎ ነበር። ኩይሳው ለጊዜው ጸጥ አለ፤ ምስጡ ግን አልጠፋም። መርዙ ግን እንደ ምስጡ በቀላሉ የሚድን አልሆነም፤ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ይቆያል፤ ከአፈር ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ ላም፣ ከላም ወደ ወተት እያለ በሰው ሥጋ ስብ ውስጥ ይከማቻል። ከዚህ የተነሣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2001 በስቶክሆልም በተፈረመው የዓለም ስምምነት አልድሪን፣ ዲልድሪን፣ ክሎርዴንና ሄፕታክሎር ከመጀመሪያዎቹ 12 ርጉም ዕቃዎች መካከል ተቈጠሩ፤ ኢትዮጵያም ስምምነቱን ተቀብላለች። በየመጋዘኑ ተከማችቶ ያረጀው የተባይ መርዝ ከሺህ ቶን በላይ ተሰብስቦ፣ በታላቅ ወጪ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተልኮ መቃጠሉ ሹማምንቱ ሊዘነጉት የማይገባ ነገር ነው። መርዝ ሲገዛ ዋጋው አንድ ጊዜ የሚከፈል ይመስላል፤ ሲጣል ግን ሁለተኛ ይከፈላል።

ይህ ሁሉ እየታወቀ፣ ዛሬም በአንዳንድ ገበያ ስሙ ያልተጻፈበት ዱቄት በጠርሙስ ሲሸጥ፣ ገዢውም በእጁ እየዘገነ በቤቱ ዙሪያ ሲበትን ይታያል። ሌላው የመኪና ዘይት አቃጥሎ በምሰሶው ሥር ያፈስሳል። ይህን የሚያደርገውን ገበሬ መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከዚህ የተሻለ ነገር ማን አሳየው?

የተሻለው ነገር የሚጀምረው ከመርዝ ሳይሆን ከምርመራ ነው። ምርመራውም ታላቅ ዕውቀት አይጠይቅም፤ ወስፌ፣ ትንሽ መዶሻና የሚያይ ዐይን ይበቃዋል። ምስጥ ብርሃንና ደረቅ ነፋስ ስለሚገድለው፣ ከመሬት ወደ እንጨቱ ሲወጣ በግድግዳው ላይ እንደ ጣት የቀጠነ የጭቃ መሸፈኛ እየሠራ በውስጡ ይሄዳል። ይህን የጭቃ ቦይ በመሠረቱ፣ በምሰሶው ሥርና በጎተራው እግር ላይ የሚፈልግ ሰው አያጣውም። ቦዩን በጣት ሰብሮ በሦስተኛው ቀን መመለስ ነው፤ ተጠግኖ ከተገኘ ምስጡ በሥራ ላይ ነው። ምሰሶውን በመዶሻ ሲመቱት ባዶ ድምፅ ከሰጠ ወስፌውን ይሞክሩበት፤ ወስፌው ያለ ኀይል ከገባ ልቡ ተበልቶአል። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ በመስኮት ሥር የረገፈ ክንፍ ተከምሮ ሲታይ፣ ክንፍ ያወጣው ምስጥ አዲስ ጎጆ ሊወጣ ከዚያ አካባቢ እንደ ተነሣ ምልክት ነው። ማገዶ፣ ድርቆሽና ቍርጥራጭ ጣውላ ከግድግዳው ተጠግቶ እንዳይከመር መከልከልም የምርመራው አንድ ክፍል ነው፤ ምስጥን በገዛ እጅ ወደ ቤት መጋበዝ ማለት ይህ ነውና።

ምርመራው ከሁሉ በፊት ሊደረግ የሚገባው ግን ቤት ሳይሠራ ነው። ቦታው ተመርጦ ኩይሳው ተቈጥሮ፣ መሠረቱ በድንጋይ ተነሥቶ፣ እንጨቱ አፈር ሳይነካ ቢቆም የችግሩ እኩሌታ ይወገዳል። በዐለት ላይ ቤቱን ስለ ሠራው ልባም ሰው ካህናት ዘወትር ለሕዝቡ ያስተምራሉ፤ ትምህርቱ ለነፍስ የተነገረ ቢሆንም ለሥጋም ይጠቅማል። የቀደሙት ሰዎች ለቤተ ክርስቲያን ጥድና ወይራ የመረጡት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የሁለቱ እንጨት ልብ ለምስጥ አይጥመውም። ዝግባ ለጣውላ ያማረ ቢሆንም ይህ ኀይል የለውም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ በቶሎ አድጎ ብዙ ሰው ከቍርና ከማገዶ ችግር አድኖአል፤ እንዲሁ እርጥቡን ወደ አፈር ከተተከለ ግን ለቆላው ምስጥ የተዘጋጀ ማዕድ ነው።

ወደ ኩይሳው የተመለሰ እንደ ሆነ፣ ገበሬው ከጥንት የሚያውቀው ዘዴ ቆፍሮ ንግሥቲቱን ማውጣት ነው። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ንግሥቲቱ በቀን በሺህ የሚቈጠር እንቁላል የምትጥል ናትና። ሆኖም ንግሥቲቱ ሳትገኝ የፈረሰ ኩይሳ ተመልሶ ይሠራል፤ አንዳንዱም ኩይሳ ከአንድ የበለጡ ንግሥታት አሉበት። ጎረቤት ሁሉ በአንድ ሳምንት ካልቈፈረ በቀር የአንዱ ድካም ለሌላው ኩይሳ ቦታ ማስለቀቅ ይሆናል።

በሌላው ዓለም ከሠላሳ ዓመት ወዲህ የተስፋፋ አንድ አዲስ ብልሃት አለ። ይኸውም የማባበያ መርዝ ነው። በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ናን ያኦ ሱ የተባሉ ሊቅ ከሌሎች ጋር ሆነው ያወጡት ሲሆን፣ በኒውዮርክ ወደብ በቆመው በነጻነት ሐውልት ስፍራ የነበረው ምስጥ በዚህ ዘዴ ጠፍቶአል። አሠራሩ እንዲህ ነው። በቤቱ ዙሪያ በመሬት ውስጥ ትናንሽ ሣጥኖች ይቀበራሉ፤ በውስጣቸው ንጹሕ እንጨት ይቀመጣል። ምስጡ መጥቶ መብላት ሲጀምር እንጨቱ ይወጣና ሄክሳፍሉሙሮን የተባለው ነገር በትንሽ መጠን የተቀላቀለበት ምግብ ይተካል። ይህ መርዝ ወዲያው አይገድልም፤ ጥበቡም በዚሁ ነው። ምስጥ ሲያድግ ቅርፊቱን እየጣለ አዲስ ይለብሳል፤ መርዙ አዲሱ ቅርፊት እንዳይሠራ ይከለክላል። ሠራተኛው ምስጥ የበላውን ከአፉ አውጥቶ ለወንድሞቹ የሚያካፍል ስለ ሆነ፣ በዝግታ የሚሠራው መርዝ ሳይታወቅ ለማኅበሩ ሁሉ ይዳረሳል። በጥቂት ወራት ውስጥ ሠራተኛ የሌላት ንግሥት በረኃብ ትሞታለች። መሬቱን በመርዝ ከመንከር ጋር ሲነጻጸር በአፈር ላይ የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ሹማምንት እንዳይቸኵሉ ያስፈልጋል። ያ ማባበያ የተሠራው ለአሜሪካ ምስጥ ነው። የኢትዮጵያ ኩይሳ ሠሪ ምስጥ ጠባዩ ሌላ ነው፤ እንጨቱን አኝኮ በኩይሳው ውስጥ እንደ ሰፍነግ ያለ ክምር ይሠራል፤ በክምሩም ላይ እንጉዳይ ያበቅላል፤ ኋላም እንጉዳዩ ያላመውን ክምር ይበላል። እርሱም እንደ ሰው ገበሬ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ማባበያው በቀጥታ ከአፍ ወደ አፍ ሳይተላለፍ በክምሩ ውስጥ ይዘገያል፣ ይሳሳልም፤ በሌሎች አገሮች እንዲህ ባለው ምስጥ ላይ ሲሞከር አንድ ጊዜ ተሳክቶ ሌላ ጊዜ ያልተሳካው በዚህ ምክንያት ነው። በአዲስ አበባ ያለ ነጋዴ ሣጥኑን ከነስሙ አምጥቶ ለቢሮ ሁሉ ልሽጥ ቢል፣ የመንግሥት ገንዘብ ጠባቂ አስቀድሞ በየትኛው ምስጥ ላይ ተፈተነ ብሎ ሊጠይቀው ይገባል።

ፈተናውም በአገር ውስጥ ሊደረግ ይችላል። በአሰላ አጠገብ ያለው የቁሉምሳ የምርምር ማዕከል በስንዴ ስሙ የታወቀ ነው፤ ደጋ ስለ ሆነ ግን ለዚህ ሥራ የሚሻለው በስምጥ ሸለቆው ያለው የአዳሚ ቱሉ ማዕከል ይመስላል፤ ምስጡን እዚያው ደጃፉ ላይ ያገኘዋልና። አርሲ ለሙከራ እንግዳ አገር አይደለም፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት አዲሱን ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ከማደሉ በፊት በእርሻ ላይ እየፈተነ ያሳይ ነበር። ያው ልማድ ለምስጥ ማባበያ ቢደገም ነውር የለበትም።

እስከዚያ ድረስ ያለ ገንዘብ የሚሠራ ነገር አለ። በየቀበሌው ያለ የግብርና ሠራተኛ፣ በየደብሩ ያለ ዕቃ ቤት ጠባቂ፣ በየመስጊዱም ያለ አስተዳዳሪ በሕንጻው ዙሪያ በየ3 ሜትሩ መርዝ የሌለበት የባሕር ዛፍ ካስማ አንድ ስንዝር ያህል ወደ መሬት ሊያስገባና በየወሩ እየነቀለ ሊያይ ይችላል። የተበላው ካስማ ምስጡ ከየት ወገን እንደሚመጣ ይናገራል፤ በዚያው ወገን መቈፈር ነው። የደብር ዕቃ ቤት ሲመረመር መጻሕፍቱ ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ከግድግዳ ርቀው ይቀመጡ፤ ምስጥ ወረቀትን አስቀድሞ ይበላል እንጂ ብራናንም አይምርም፤ የጠፋ ድጓ ደግሞ እንደ ፈረሰ አጥር በአንድ ቀን አይታጠርም። የወረዳው ጽሕፈት ቤት የመሬት መዝገብ የሚቀመጥበት ሣጥንም ከዚሁ ምርመራ ነጻ መሆን የለበትም።

ካስማው የሚተከልበት ጊዜ ግን መለየት አለበት። በቆላው የበልግ ዝናብ ብዙ ጊዜ በመጋቢት ይጥላል፤ ምስጡ ክንፍ አውጥቶ የሚበርረውም ከዝናብ በኋላ ስለ ሆነ፣ የመጀመሪያው ካስማ ከየካቲት መጨረሻ አስቀድሞ በመሬት ውስጥ ሊገኝ ያስፈልጋል፤ ሁለተኛው ምርመራ ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ፣ በጥቅምት ወር ይደረጋል።