«አይድከሙ አባባ» ማለት ይብቃችሁ!

ውድ የሳንሱሲ ቤተሰቦች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ስትሮክ የመታቸው አባታችሁ ውሃ እንኳ ተነስተው እንዲቀዱ አትፈቅዱም። «አይድከሙ አባባ» ትላላችሁ። ፍቅር መሆኑ ይገባኛል፤ እግራቸውን የሚያመነምነው ግን ይኸው ፍቅር ነው።

ጡንቻ ዝም ብሎ ሥጋ አይደለም። ሲሠራ በሴሎቹ ውስጥ ያሉ ጂኖች ይነቃሉ። አንዱ ፒጂሲ-1 አልፋ ይባላል፤ ለጡንቻው ኃይል የሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያዎች እንዲበዙ ያደርጋል። አንድ ቀን እንቅስቃሴ ከተሠራ በሰዓታት ውስጥ ሥራው ይጨምራል። በአከርካሪ ጉዳት ሽባ በሆነ እግር ላይ እንኳ ጡንቻውን በኤሌክትሪክ ሲያኮማትሩት ይህ ጂን ሲነቃ ታይቷል። ታዲያ «ነርቩ ሞቷል፣ ምን ዋጋ አለው?» የምትሉት ከየት አምጥታችሁ ነው? (እንዲህ የሚል ባለሙያም ገጥሞኛል፤ ያሳፍራል።)

አስኮ ድረስ በእግር ይሂዱ አላልኩም! ሐኪማቸው ከፈቀደ፣ አጠገባቸው ቆማችሁ ከወንበር ቁጭ ብድግ ይበሉ። ግድግዳ ይዘው ከሳሎን እስከ በር ይራመዱ። መጠኑን ፊዚዮቴራፒስት ይወስን። የደም ግፊታቸውን አስለኩ። ደረታቸውን ካመማቸው ወይም ካዞራቸው ወዲያው አቁሙና ወደ ሕክምና ውሰዷቸው።

ሴሬብራል ፓልሲ ያለበትን ልጅ ቀኑን ሙሉ አዝላችሁ የምትውሉ እናቶችም፣ ስለ እንቅስቃሴው ፊዚዮቴራፒስት ጠይቁ።

አባባ ደግሞ ዛሬ ማታ ውሃውን ራሳቸው ይቅዱ።