ፊደላችንን ማን ሳጥን አደረገው?

ሰሞኑን አንድ የቆየ መመሪያ ፍለጋ የአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ከፈትሁ። ርእሱ በጥሩ አማርኛ ተጽፏል፤ ከሥሩ ግን ጭረትና ነጥብ የተሰካባቸው የላቲን ፊደላት እንደ ተደፋ ጤፍ ተበትነዋል። ደውዬ ብጠይቅ «ችግሩ የእርስዎ ኮምፒውተር ነው፤ ፎንቱን ይጫኑ» ተባልሁ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ መከላከያ እንደማይሆን ይደነግጋል። ታዲያ ዜጋ ሕጉን የማወቅ ግዴታ ካለበት፣ መንግሥት ሕጉን በሚነበብ ፊደል የማቅረብ ግዴታ የለበትምን?

ከሰበቡ እንጀምር። ባለ አንድ ባይት ፎንት ከ256 የሚበልጥ መቀመጫ የለውም፤ ፊደላችን ደግሞ ከነዲቃላውና ከነቁጥሩ ከ300 በላይ ነው። ስለዚህ የቀደሙት ባለሙያዎች የግእዙን ቅርጽ በላቲኑ መቀመጫ ላይ አኖሩት፤ አንዳንዱ ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት ከፈለው፣ ሌላው አካሉንና ቅጥያውን ለየብቻ ቀርጾ ገጣጠመው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲን ነው፤ ግእዝነቱ ልብስ ብቻ ነበር። እነዚያን ሰዎች አልወቅስም፤ በዘመናቸው ሌላ መንገድ አልነበራቸውምና ባለውለታዎቻችን ናቸው።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ለእያንዳንዱ ፊደላችን የራሱ ቁጥር ተሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም የአማርኛ ፎንት ይዞ መጣ። ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ አማርኛን ያለ ምንም ጭነት ያሳያል። ከእንግዲህ «ፎንቱን ይጫኑ» ማለት ስንፍናን በአንባቢ ላይ ማላከክ ነው።

በሽታው አራት መልክ አለው፤ መድኃኒቱም አንድ አይደለም። ባዶ ሳጥን ከታየ ጽሑፉ ደኅና ነው፤ የጎደለው ፎንት ብቻ ነው። በየሦስተኛው ምልክት አናቱ የተጫረ የላቲን የመጀመሪያ ፊደል የሚመላለስ ከሆነ ዩቲኤፍ-8 በላቲን ሕግ እየተነበበ ነው፤ «ሰላም» ሦስት ፊደል ቢሆንም ዘጠኝ ባይት ነውና ዘጠኝ እንግዳ ምልክት ይሆናል። ገጹ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን በራስጌው ላይና በሰርቨሩ ላይ ማሳወቅ ይፈውሰዋል። ጽሑፉ በቀድሞዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ ግን የዚያን ፎንት ሰንጠረዥ የሚያውቅ መቀየሪያ ያሻዋል። የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ከታየ ግእዝን የማይቀበል ዳታቤዝ ፊደሉን አጥፍቶታል፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

«ስካን አድርገን በፎቶ እናስቀምጠው» የሚሉ አሉ። ፎቶ ከምንም ይሻላል፤ ነገር ግን በቃል ፈልጎ ለማግኘት አይመችም፣ ለዓይነ ስውር አንባቢ ጽሑፍ የሚያነብለት ሶፍትዌርም ባዶ ምስል ነው የሚሆንበት። «ወጪው ከባድ ነው» የሚሉም አሉ። መቀየሪያው ለአንድ ፎንት አንድ ጊዜ ከተሠራ ለሺህ ሰነድ ያገለግላል። ይልቅስ ውድ የሚሆነው መዘግየቱ ነው፤ የትኛው ሰነድ በየትኛው ፎንት እንደ ተጻፈ የሚያውቁት ጸሐፊዎች ጡረታ እየወጡ ነው፣ ሰነዱን የያዙት ዲስኮችም እያረጁ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። ማናቸውም መሥሪያ ቤት አዲስ ጽሑፍን በዩኒኮድ ብቻ ያውጣ። አሮጌውን ከመቀየሩ በፊት ዋናውን ቅጂ ሳይነካ ያስቀምጥ፤ የተቀየረውንም ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ከዋናው ጋር ያመሳክረው፤ በሕግ ውስጥ አንዲት ፊደል ስትሳሳት የሚለወጠው ፍርድ ነውና።

አበው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። በብራና ላይ የተጻፈውን ከዘመናት በኋላ ዛሬም እናነብባለን። በኮምፒውተር የጻፍነውን የገዛ ልጆቻችን ማንበብ ቢያቅታቸው ግን ማንን እንከሳለን?

ቸር ይግጠመን!