«ትንሽ ይነዝራል እንጂ ደህና ነው»

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ጀጎል ውስጥ አንድ ቤት እንዳይላቸው ዘመዶቼ ጠሩኝ። ሊገዙት ነው። ካርታው ታይቷል፣ ጣሪያው ታይቷል፣ የግድግዳው ስንጥቅ ሳይቀር ተለክቷል። «አንተ ደግሞ መብራቱን እይልን» ተባልኩ። ማድ ቤት ስገባ ምጣዱ አጠገብ አንድ ጥንድ የፕላስቲክ ጫማ ተቀምጧል። «የማን ነው?» ስል የሻጩ እናት ሳቅ ብለው «የሚጋግር ሰው ነው የሚያደርገው። ምጣዱ ትንሽ ይነዝራል እንጂ ደህና ነው ልጄ» አሉኝ።

ይቺን አባባል በስንቱ ቤት ሰምቻታለሁ! ግንቡ ውስጥም፣ ከግንቡ ውጭ ባሉት አዳዲስ ፎቆችም። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የሚነዝር ምጣድ ደህና አይደለም፣ ኧርዙ ያልተለካ ቤትም «መብራቱ ታይቷል» ሊባል አይገባም።

ምጣድ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። ሸክላው ላይ ቦይ ይወጣለታል፣ ጥቅል ሽቦ ይገባበታል፣ በጄሶ ይደፈናል፣ ዙሪያው በላሜራ ይታሰራል። ሸክላ ይሰነጠቃል፣ ሊጥ ይንጠባጠባል፣ እርጥበት ይገባል። አንድ ቀን ኮረንቲው መንገድ አግኝቶ ላሜራው ላይ ይወጣል። በትክክል የተሠራ ኧርዝ ካለ በዚያ ሽቦ ይሄድና ብሬከሩ ይወርዳል። ከሌለ ግን ላሜራው 220 ቮልት ተሸክሞ ሰው ይጠብቃል፤ የኧርዙን ሥራ የምትሠራው ጋጋሪዋ ናት ማለት ነው። የእርጥብ ሰውነትን መቋቋም 1,000 ኦም ብትሉት 220 ሚሊ አምፔር ያልፍባታል። ትንሽ ከቆየ 30 ሚሊ አምፔር አካባቢ እንኳን ልብን ያውካል። እስከ ዛሬ ያተረፋት ያ የፕላስቲክ ጫማ ነው።

ሶኬቶቹን ከፈትኩ። በሶኬት ውስጥ ከላይና ከታች ብልጭ የሚሉት ሁለት የብረት ምላሶች ኧርዝ ናቸው፤ ሰው ሲያያቸው ኧርዝ ያለው ይመስለዋል። ከአራቱ ሦስቱ ላይ ምላሶቹ ከምንም ጋር አልተያያዙም። አራተኛው ባሰ፦ ባለሙያው ኒውትራሉን በአጭር ሽቦ ከምላሱ ጋር አገናኝቶታል። ቴስተር ሲያስጠጉበት ሁሉም ደህና ይመስላል። ኒውትራሉ ከላይ አንድ ቦታ የላላ ቀን ግን የፍሪጁ በር፣ የልብስ ማጠቢያው አካል፣ ሁሉም ፌዝ ይሆናል። ተማሪዎቼ ሆይ፣ ይህን የሠራችሁ ካላችሁ ሄዳችሁ አውጡት። ባዶ ምላስ ይሻላል።

ባለሙያውን ግን ሙሉ በሙሉ አልፈርድበትም። የጀጎል ግድግዳ ወፍራም ድንጋይ ነው፤ መሮ ይሰብራል እንጂ ቦይ አያስወጣም። ስለዚህ ባለ ሁለት ሽቦ ገመድ በክሊፕ ይለጠፍና ከተሰቀሉት ስፌቶች ጀርባ ይደበቃል። ሦስተኛዋን ሽቦ ማን ያስታውሳታል? «ቅርስ ነው አይነካም» የሚለውንም እሰማለሁ። ዩኔስኮ ጀጎልን የመዘገበው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ የኧርዝ ዘንግ ደግሞ ግድግዳ አይነካም፣ የሚፈልገው ግቢ ውስጥ አንድ ቦታ ነው። አራት ቤተሰብ የሚኖርበት ግቢ አንድ ጥሩ ኧርዝ ለአራት ሊያሠራ ይችላል።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ሴትዮዋ «ድሮ አይነዝርም ነበር፣ ምጣዱን ብንቀይረውም ያው ነው» አሉኝ። ቧንቧውን መቼ እንደቀየሩ ጠየቅኳቸው። ድሮ ብዙ ቤት ኧርዙን ከብረት የውሃ ቧንቧ ጋር ነበር የሚያስረው። ቧንቧው መሬት ውስጥ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ፣ ትክክለኛ አሠራር ባይሆንም፣ ይሠራ ነበር። ቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ ብረቱን በፕላስቲክ ሲተካ ኧርዙም አብሮ ሄደ። ማንም አልነገራቸውም፤ ቧንቧ ሠራተኛው ራሱ አላወቀም። የቀረው ቁራጭ ብረት ደግሞ ከነሽቦው ግድግዳው ላይ አለ፤ ምጣዱ ኮረንቲ ሲያወጣ የማድ ቤቱ ቧንቧም አብሮ ይነዝራል።

ለዚህ ነው ቦንዲንግ የምንለው ነገር ያለው። ቧንቧውን፣ ቦይለሩን፣ የሮቶውን የብረት ማቆሚያ፣ የፓምፑን አካል በወፍራም ሽቦ እርስ በርስ አስሮ ከኧርዙ ጋር ማገናኘት ነው። ሁሉም አንድ ላይ ከታሰሩ አንድ እጅ ምጣዱ ላይ፣ ሌላው ቧንቧው ላይ ቢያርፍ በሁለቱ መካከል ኮረንቲ የሚገፋው ልዩነት የለም። የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ በየግቢው ሮቶና ፓምፕ በዝቷል። ውሃና ኮረንቲ ጎረቤት ሆነዋል፣ ማሰሪያው ግን የለም።

«ዘንግ ቀብረናል፣ አለቀ» የምትሉም አላችሁ። ስንት ኦም? መሬታችን ድንጋያማ ነው፣ በበጋ ይደርቃል። ኧርዙ 50 ኦም ከሆነ 220ን ለ50 አካፍሉት፦ 4.4 አምፔር። የምጣዱ 20 አምፔር ብሬከር ይህን አይሰማውም። አይወርድም፣ አብዛኛው ቮልቴጅም ላሜራው ላይ ይቆያል። አምፖል ከፌዝ ወደ ኧርዝ አገናኝቶ «ይኸው በራ» ማለትም ማረጋገጫ አይደለም። አምፖል በደካማ ኧርዝም ይበራል፣ ኤልኢዲማ በምንምን ይበራል። ጨውና ከሰልም ቢጨመር ክረምቱ ጨውን አጥቦ ይወስደዋል፤ መለካት ያለበት በበጋ፣ በየዓመቱ ነው።

ስለዚህ ከዘንጉ ጋር 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ አርሲዲ ያስፈልጋል። ያ በ50 ኦምም ይሠራል። አንድ የድሮ ተማሪዬ ይህን ስነግረው «ቲቸር፣ ደንበኛው አውጣልኝ ይላል፣ ምጣዱን በሰካ ቁጥር ይወርዳል» አለኝ። እኮ! ምጣዱ እያፈሰሰ ነው እያለው ነዋ። መውጣት ያለበት ምጣዱ ነው። ገንዘብ የለም የሚለውን ግን አልክድም፤ አቅም ለሌለው ከኧርዙም በፊት አርሲዲው ይግባለት እላለሁ። ኧርዝ በሌለበት ንዝረቱን ቀምሶ ነው የሚቆርጠው፣ ግን ይቆርጣል።

ደንቡ ድሮም አለ፤ የ1995ቱ (እ.ኤ.አ.) ኢቢሲኤስ 10 የቤት ውስጥ ዝርጋታን ከነኧርዙ ደንግጎ ነበር። የጎደለው የሚለካው ሰው ነው። ቤት የምትገዙ፣ የምትከራዩ፣ ለሠርግ የምታሳድሱ፣ ባለሙያውን አንድ ወረቀት ጠይቁት፦ የለካበት ቀን፣ የኧርዙ ኦም፣ አርሲዲው መቁረጡ፣ ፊርማው። «መብራቱን አይቻለሁ» አይበቃም። እናንተም ባለሙያዎች ያለ ወረቀት ቁልፍ አታስረክቡ፤ ስማችሁ ያለበት ቁጥር ሲሆን እጃችሁም ይጠነቀቃል።

ዘመዶቼን ቤቱን አትግዙ አላልኳቸውም። የኧርዙን፣ የቦንዲንጉንና የአርሲዲውን ወጪ ከዋጋው አስቀንሱ አልኳቸው፤ ደላላው ተቆጥቷል። ለእናትየው ደግሞ ምጣዱ እስኪሠራ እንዳይሰካ ነገርኳቸው፤ እሺ ብለውኛል፣ ግን ሐሙስ የመጋገሪያ ቀን ነውና ረቡዕ እመለሳለሁ።

የኧርዝ መለኪያው እኔ ጋ አለ። ሐረር ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ መዋስ ከፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ባትሪውን ግን ሞልታችሁ መልሱ።