የእጁ ስም የት ገባ?

ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን «ካርቱን የሕፃን ማባበያ ነው፤ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ገጽ አያባክንበት» ሲል ጽፏል። ወንድሜ ሆይ፣ አይጧን አየህ እንጂ አይጧን ያስሮጣትን እጅ አላየህም!

እስቲ እንቁጠር። አንድ ሴኮንድ ፊልም 24 ምስል ይበላል። የሰባት ደቂቃ ካርቱን ከ10 ሺህ ምስል በላይ ነው። ማን ሣለው? በዲዝኒ አጫጭር ፊልሞች ላይ ለብዙ ዓመት የሚነበበው የባለቤቱ ስም ብቻ ነበር።

አርት ባቢትን እንውሰድ። ለጅሉ ለጉፊ ነፍስ የዘራበት፣ በ1937 እ.ኤ.አ. በወጣው «ስኖው ዋይት» ክፉዋን ንግሥት ያንቀሳቀሰ እሱ ነው። ደመወዙ ደህና ነበር፤ ዝም ቢል ማን ይነካው? እሱ ግን ለረዳቱና ለቀለም ቀቢዋ ብሎ ከሠራተኛው ማኅበር ገባ፤ ተባረረ። ወዲያው ግንቦት 21 ቀን 1933 ዓ.ም. ሠዓሊዎቹ ሥራ አቆሙ። ንጉሡ አዲስ አበባ ከተመለሱ ገና 24 ቀን ነው፤ እኛ ባንዲራችንን ባስመለስን ማግሥት እነሱ ስማቸውን ሊያስመልሱ ወጡ ማለት ነው። ኩባንያው በመጨረሻ ማኅበሩን ተቀበለ። ባቢት ግን በሕግ ተሟግቶ ቢመለስም አልሰነበተም፤ ለቆ ሄደ።

«ይህ ለጎጃም ልጅ ምኑ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። የየጥኖራ ልጅ ነኝ። በደርግ ዘመን የየጥኖራ አምራቾች ማኅበር ስሙ የተጠራ ነበር፤ 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ እንዲህ ያሉት ማኅበራት እስኪፈርሱ ድረስ። የማኅበሩን ስም ሁሉ ያውቃል። እርፍ የጨበጠውን ገበሬ ስም እስቲ አንዱን ጥሩልኝ!

የእኛም ሰው አለ። ዕዝራ ውቤ በ2011 እ.ኤ.አ. «ሂሳብ» የተባለውን ፊልም በአንድ ሸራ ላይ እየደራረበ ሥሎ አንቀሳቅሷል። ተረቱን ታውቁታላችሁ፦ አህያ፣ ውሻና ፍየል ታክሲ ተሳፈሩ። አህያ ከፈለች፤ ፍየል ሳትከፍል አመለጠች፤ ውሻ ከፍሎ መልሱን ተከለከለ። ይኸው ዛሬም መኪና ባየ ቁጥር ይሮጣል። እኛም «አበደ» ብለን ድንጋይ እንወረውርበታለን። አላበደም እኮ፤ መልሱን ነው የሚጠይቀው! ባቢትም የጠየቀው ይህንኑ ነው።

ሌላውን ከመውቀስ በፊት ደግሞ ወደ ራሳችን። ይህችን መጽሔት ስቴንስል መትቶ፣ እጁ በቀለም ጠቁሮ የሚያባዛት ልጅ ስሙ በየትኛው ገጽ አለ? ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ ይጻፍ! ካልተጻፈ የእኔም ስም ይውጣ።